በነፋስ ቀን የተሰየመ ችሎት

ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ውስጥ ነፋስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነግረኝ ከመስኮቴ ማዶ በእድሳት ላይ ያለው ቤት ነው። የለበሰው ነጭ ላስቲክ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፣ ከብረቱ ጋር ይማታል። ጎረቤቶቼ በድምፁ ይማረራሉ። እኔ ግን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አዳምጠዋለሁ። በደንብ ያልታሰረ የጀልባ ሸራ የሚጮኸው እንዲያ ነው። ከዚያ ሰው በማይኖርበት አንድ ደሴት ላይ፣ ባሕር በተፋው ግንድ ላይ ተቀምጬ ዳኛ የሆንኩበት ቀን ትዝ ይለኛል።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ላስቀድም። ጋሼ የምላቸው ሰው በሥጋ አይዛመዱኝም። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩ፤ በኋላ ተሰደው ለንደን ገቡና ብዙ ዓመት ታክሲ ነዱ። እኔ ብቻዬን እንግሊዝ መጥቼ የጥገኝነት ጉዳዬ እስኪወሰን ድረስ፣ ክሮይደን ወዳለው የስደተኞች ቢሮ በተጠራሁ ቁጥር በመኪናቸው የወሰዱኝና የመለሱኝ እሳቸው ናቸው። የተዋወቅነው በቤተ ክርስቲያን ነው። ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት "ወረቀትሽን ስታገኚ ጀልባዬን ታጥቢልኛለሽ" ይሉኝ ነበር። ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ለካ የእውነት ጀልባ አላቸው፤ ከእኔ ዕድሜ የምትበልጥ፣ በአፍሪቃ ምሥራቅ ጠረፍ አንድ ወደብ ላይ የምትቀመጥ የሸራ ጀልባ። በየዓመቱ ለንደን ሲበርድ ከባለቤታቸው ጋር እየሄዱ ሁለት ወር ያህል ባሕር ላይ ይቆያሉ።

ባለቤታቸውን እትዬ ነው የምላቸው። ጀልባዋን "ጣውንቴ" ብለው ይጠሯታል። "ጣውንቴ ቀለም አማራት"፣ "ጣውንቴ አዲስ ገመድ ካልተገዛልኝ አለች" ይላሉ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት መሪዋን አንድም ቀን በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ነገር ግን ያለእሳቸው ጋሼ ሄደውም አያውቁም።

እኔ ደግሞ ሥራ የማይበረክትልኝ ሰው ነኝ። ካፌ ሠርቼ ወጣሁ፣ መጋዘን ሠርቼ ወጣሁ፣ አበባ መሸጫ ሠርቼ ወጣሁ። ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ በአውቶቡስ ፎቅ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ቃላቱን በጣቶቼ ጉልበቴ ላይ እየቆጠርኩ ነው የተማርኩት። ያን ክረምት ከአበባ መሸጫው እንደወጣሁ ጋሼ ደወሉ።

"ዓይንሽ እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ደኅና ነው፤ ምነው?"

"እንግዲያው ነይ። ጀልባ የምታጥቢበት ጊዜ ደርሷል።"

ነገሩ የገባኝ እትዬ ሰቨን ሲስተርስ ገበያ ሽሮና በርበሬ ሊገዙ ይዘውኝ በሄዱ ዕለት ነው። ጋሼ ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ አለባቸው። ከግራ ዓይናቸው እይታ ብዙው ሄዷል፤ ሐኪሙ መኪና አይነዱም ብሏቸው መንጃ ፈቃዳቸውን ራሳቸው መልሰዋል። ስለ ጀልባ ግን ሐኪሙ ምንም አላለም፤ ስላልነገሩት። እትዬ ጀልባዋ ትሸጥ ይላሉ። ጋሼ ኮራል የሚሉት የባሕር ድንጋይ ያለበት ውሃ ገብቼ መውጣት እስከቻልኩ ድረስ አልሸጥም ይላሉ። ይህን ሲጨቃጨቁ አንድ ዓመት አለፈ።

"ሽማግሌ አትጠሩም?" አልኳቸው።

እትዬ የምስር ከረጢቱን መልሰው አስቀመጡት። "ሽማግሌ ብጠራ እሑድ ቅዳሴ ሳያልቅ ወሬው በር ላይ ይደርሳል። 'እገሌ ታወረ' ይሉታል፤ ለታክሲ ሹፌር ከዚህ የባሰ ስድብ አለ? አንቺ ወሬ የለብሽም። ዓይንሽም ስል ነው። አብረሽን ሄደሽ አይተሽ ትፈርጃለሽ። እሱም ተስማምቷል።"

"እኔ በጋሼ ላይ?"

"በጣውንቴ ላይ ነው እንጂ፣ በእሱ ላይማ ማን ይፈርዳል።"

ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ለራሴ ግጥም ፍለጋ ነው የምሄደው እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር።

ደሴቱ ቀለበት ነው፤ ባሕረኞች አቶል ይሉታል። ከውሃው እምብዛም ከፍ የማይል የኮራል ድንጋይ ክብ ሠርቶ ቆሟል፤ በክቡ ላይ እዚህም እዚያም አሸዋና የኮኮነት ዛፍ ያላቸው ቁራጭ መሬቶች አሉ። ከውጭ ውቅያኖሱ ይገርፈዋል፣ ከውስጥ እንደ ገበቴ ውሃ ጸጥ ያለ ሌላ ባሕር አለ። ወደ ውስጥ የሚያስገባው አንድ ጠባብ በር ብቻ ነው። በበሩ ግራና ቀኝ፣ ከዚያም ወዲያ፣ ከውሃው በታች የኮራል ጉብታዎች ተደብቀዋል፤ የጀልባ ሆድ ለመቅደድ አንዱ ይበቃል።

በዋዜማው ነው የገባነው። እኔ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆሜ ውሃውን አየሁ። ጥልቁ ሰማያዊ ነው፣ ድንጋይ ያለበት ቡናማ ነው፤ ከዚህ ሌላ ምንም ማወቅ አያስፈልግም። እጄን ወደ ቀኝ ስዘረጋ ጋሼ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስዘረጋ ወደ ግራ ወሰዷት። መልሕቅ ስንጥል እትዬን ቀና ብለው አዩና "እህስ?" አሉ።

"ልጅቷ ናት ያስገባችን" አሉ እትዬ።

"ኮራል ውስጥ ሲገባ አፍንጫው ላይ ሰው የማያቆም ካፒቴን እብድ ነው። ዓይኑ የንስር ቢሆንም ሰው ያቆማል።"

ይህ እውነት ነበር። ስለዚህ ፍርዱ አልተፈረደም።

በማግስቱ ነፋሱ ተነሳ። አደገኛ ማዕበል አልነበረም፤ ግን ቀኑን ሙሉ የማይተው፣ ሰውን ክንዱን ይዞ ወደ አንድ ወገን የሚገፋ ነፋስ ነው። ጋሼ መልሕቁን ሁለቴ ፈተሹና እንደያዘ ካረጋገጡ በኋላ፣ "ጀልባ ላይ ቁጭ ብለን ከምንናወጥ መሬት እንርገጥ" አሉ። በትንሿ የላስቲክ ጀልባ ወረድን። ዓርብ ስለነበር ስንቃችን ቆሎ፣ በዘይት የተቁላላ ሽሮና ከለንደን የመጣ ዳቦ ነበር።

"ዓሣ ሞልቶ ቆሎ ልንቆረጥም" አልኩ።

"በጾም?" አሉ እትዬ።

"ዓሣ ይበላል የሚሉ አሉ።"

"የሚሉትማ ዓሣ የሚወዱ ናቸው" አሉ ጋሼ። እሳቸው ዓሣ እንደሚወዱ እናውቃለን፤ ሁለታችንም ሳቅን።

የዚያ ደሴት ዳርቻ አሸዋ ከሩቅ ብቻ ነው አሸዋ የሚመስለው። ሲረገጥ የተሰበረ ኮራል ነው፤ እንደ ጣት፣ እንደ ጥርስ፣ እንደ ስኒ ጆሮ ያለ። በእግር ሥር እንደ ሸክላ ስባሪ ይንኳኳል። ዛጎል ተከራይተው የሚኖሩ ትናንሽ ሸርጣኖች አሉ፤ ጥላ ሲያርፍባቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ቤታቸው ይገቡና ዳርቻው ሙሉ ድንገት የሞተ ይመስላል። ትንሽ ቆሜ ስጠብቅ እንደገና መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። አንዱ የጥርስ ሳሙና ክዳን ለብሶ ነበር። ለንደን ውስጥ ቤት ስፈልግ የታዩኝን ክፍሎች አስታወሰኝ።

ውቅያኖሱ ባለበት ወገን ነፋሱ ቆሞ አያስወራም። እትዬ ነጠላቸውን በወገባቸው አሥረው፣ የክረምት ኮፍያ አድርገው፣ ባሕር የተፋውን ዕቃ እየለዩ ይሄዳሉ። ነጠላ ጫማ፣ ሁሉም የግራ እግር። የዓሣ አጥማጅ ተንሳፋፊ ኳስ። አንድ እግር የጎደለው የላስቲክ ወንበር።

"ይኼን የሠርግ አዳራሽ ነው የላከው" አሉ። ወንበሩን አስተካክለው አቆሙት፤ ነፋሱ ጣለው። እንደገና አቆሙት።

ጋሼ አንድ ረጅም ቀርከሃ አገኙና ምርኩዝ አደረጉት። ቀድመውን ይሄዳሉ፤ አካሄዳቸው ያማረ ነው፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ። ዐሥር ጊዜ ወደ ኋላ ዞረው "ምን ታያለሽ?" ይሉኛል። ነገር የሚያስተምሩኝ መስሎኝ የማየውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ከበላያችን ስለሚዞሩት ጥቁር ወፎች፣ በበሩ ላይ ስለሚሰበረው ማዕበል፣ ከውስጠኛው ውሃ ላይ አፍንጫዋን ወደ ነፋስ አዙራ ስለቆመችው ጀልባችን። ሁሌም ከነገርኳቸው በኋላ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ራሳቸውም አይተው የነበረ ይመስላሉ።

እኩለ ቀን ላይ ከነፋስ የሚከልል ቦታ አገኘን። ወፍራም ቅጠል ያላቸው ቁጥቋጦዎችና አንድ ጎባጣ ዛፍ፣ ከፊታቸው ደግሞ ባሕር ያመጣው ግንድ። ቆሎአችንን በላን። ከላይ ነፋሱ ቅጠሉን ሲያንኳኳ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ትንፋሹ ብቻ ነበር። የተቀመጥኩበትን ግንድ ጨው ነጭ አድርጎታል። ስልኬን አውጥቼ ስለ ሸርጣኖቹ አንድ ስንኝ ጻፍኩ፤ አነበብኩት፤ አጠፋሁት።

"ጊዜው አሁን ነው" አሉ እትዬ ድንገት።

"ለምኑ?" አሉ ጋሼ።

"ለሙግቱ። ነገ ነፋሱ ከበረደ እንወጣለን። ወደብ ስንደርስ ጀልባዋን ልግዛ ላለው ሰው ምን እንበለው? ዳኛችን ተቀምጣለች፣ ዛፍ አለ። ሌላ ምን ቀረ?"

ጋሼ ሳቁ። የእትዬ አባት በዛፍ ሥር ችሎት ዘመን የታወቁ ተሟጋች እንደነበሩ፣ እሳቸውም በልጅነታቸው የሙግቱን ግጥም ሲሰሙ እንዳደጉ ከዚህ በፊት ነግረውኛል። በዚያ ዘመን የተጣሉ ሰዎች መንገደኛውን ሁሉ አስቁመው "ፍረድ" ይሉት ነበር፤ መንገደኛውም እምቢ አይልም። መንገደኛዋ እኔ መሆኔ ነው።

እትዬ ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው በትከሻቸው ላይ አጣፉ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ እኔ ፊት መጥተው እጅ ነሱ። ከዚያ በእግራቸው መሬቱን መትተው ጣታቸውን በባላቸው ላይ ዘረጉ። ከለንደን የመጣውን ዳቦ የቆረጡት ሴትዮ አልመሰሉኝም።

"በላ ልበልሃ!
ነፋስ ሲመጣ ጆሮህ ይሰማዋል፤
ድንጋይ ሲመጣ ግን ማን ይነግርሃል?"

እኔ ለዓመታት የደከምኩበትን ነገር እንዲህ ቆመው ከአፋቸው ሲያወጡት ገረመኝ። ጋሼም ቀርከሃቸውን ይዘው ተነሱ፤ እጅ ነሱኝ።

"በላ ልበልሽ!
ዓይኔ ቢደክምም እጄ አልደከመም፤
ለንደንን ሲዞራት ሰው ገጭቶ አያውቅም።"

"ምስክር አለህ?" አሉ እትዬ።

"ዳኛዋ ራሷ! ክሮይደን ድረስ ስንቴ ወስጃታለሁ!"

"ዳኛ ምስክር አይሆንም!"

"ክብርት ዳኛ፣ ሴትዮዋ ችሎት ይድፈሩ?"

"ይቀጥሉ" አልኩ። ከሳቄ ጋር እየታገልኩ ነው።

እትዬ አንድ እርምጃ ቀረቡ።

"ለንደን መብራት አላት፣ ቀይና አረንጓዴ፤
ባሕር ላይ ማን አለህ፣ ከእኔ በቀር እንዴ?"

ይህችኛዋ ጋሼን ነካቻቸው። ግርማቸውን ሰብስበው፣ ቀርከሃውን ከፍ አድርገው፣ በተሟጋች ወግ በግራቸው በኩል በአየር ላይ ሊያዞሩት ጀመሩ።

"ባሕርን የለመደ..."

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከጎባጣው ዛፍ አንዱ ቅርንጫፍ በጋሼ ግራ፣ ከትከሻቸው ትይዩ ተዘርግቷል። በቅርንጫፉ ላይ አንዲት ነጭ ወፍ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ትልቅና ጥቁር ነው። ጎጆ የላትም። እንቁላሏ ባዶ ቅርንጫፉ ላይ፣ ቅርፊቱ ትንሽ ጎድጎድ ባለበት ቦታ ተቀምጦ እሷ በደረቷ ይዛዋለች። ይህ ሁሉ ነፋስ ያላወረደውን እንቁላል። ቆሎ ስንበላ ሁሉ እዚያ ነበረች ማለት ነው። ቀርከሃው በአየር ላይ ወደ እሷ እየመጣ ነበር።

ከእኔ ቀድመው እትዬ አይተዋል። ግጥሙን አልጠበቁም። ሁለት እርምጃ ሄደው በባላቸውና በቅርንጫፉ መካከል ቆሙ። ቀርከሃው ክንዳቸው ላይ አረፈ። ወፏ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችን።

እንዲህ ነን እኛ። ትልቅ ሰው ያላየውን ነገር "ያውልዎ" ብሎ መጠቆም ነውር ይመስለናል። እንሸፍናለን፣ እንከልላለን፣ ወሬ እንለውጣለን። እትዬ በእርግጥም ወሬ ሊለውጡ "ሽሮው ቀረ እኮ" አሉ።

ጋሼ ግን ቀርከሃውን ዝቅ አደረጉ።

"ምንድን ነው?"

"ምንም" አሉ እትዬ።

"በግራዬ ነው?"

ጋሼ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። ድምፃቸው የቀልድ አልነበረም፤ የቁጣም አልነበረም።

"ክብርት ዳኛ። በግራዬ ምን አለ?"

በዚያች ቅጽበት በሐሳቤ መኪናቸው ውስጥ ነበርኩ። በእንግሊዝ መኪና ተሳፋሪው የሚቀመጠው በግራ ነው። ክሮይደን ስንሄድ መስቀለኛ መንገድ በደረስን ቁጥር "ልጄ፣ ግራውን ቼክ አድርጊልኝ" ይሉኝ ነበር። ጭንቀቴን ሊያስረሱኝ ሥራ የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር። "ነጻ ነው ጋሼ" እል ነበር፤ እሳቸውም ይነዱ ነበር።

"ወፍ አለች፣ ጋሼ" አልኩ። "ነጭ ወፍ። እንቁላሏን ታቅፋለች።"

"ምን ያህል ትርቀኛለች?"

"እጅዎን ቢዘረጉ ይነኳታል።"

ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግራ አዞሩ፤ ቀስ ብለው፣ ትከሻቸው ጭምር እስኪዞር። ያን ጊዜ አዩዋት። ረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ከዚያ ቀርከሃውን ወደ መሬት አስተኙትና መጥተው እኔ ፊት ቆሙ።

"ፍረጂ" አሉ።

"ጋሼ..."

"ሙግቱን ያስጀመርነው እኛ ነን። ፍረጂ፣ ልጄ። አትዘኝልኝ።"

ውለታቸው ከበደኝ። ግን ያየሁትን አይቻለሁ፤ የመጣሁትም ለዚያ ነው። "ጀልባዋ ትሸጥ" አልኩ። ከዚያ ደግሞ ዳኛ የራሱን ነገር መጨመር ይፈቀድለት እንደሆነ ሳላውቅ፣ "ከዚህ በር ግን እርስዎ ያውጧት" አልኩ።

"ይግባኝ የለኝም" አሉ ጋሼ። ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

የተረታው እሳቸው፣ ያለቀሱት እትዬ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ በእኔ ላይ ተነሱ።

"ማን ፍረጂ አለሽ አንቺ!"

"እርስዎ ነዎት እኮ፣ እትዬ!"

"ፍረጂ ስልሽ እንዲህ ወዲያው ትፈርጃለሽ? ቀጠሮ አይሰጥም? ዳኛ አይደለሽ? ቀጠሮ አይታወቅም በሀገራችሁ?"

ጋሼ ሳቁ። ስቀው ስቀው ግንዱ ላይ አጠገቤ ተቀመጡና "የፈለግሽውን አግኝተሽ ምን ያስለቅስሻል?" አሏቸው።

"እኔ የፈለግኩት እንድትከራከረኝ ነው" አሉ እትዬ። መጥተው በጋሼ ግራ ተቀመጡ። ቀሪውን ሽሮ እዚያው በላነው፤ በእርግጥም ቀርቶ ነበር። ስንነሳ ከዛፉ ሥር ዞረን ነው የሄድነው፤ እትዬ ጋሼን በክንዳቸው ይዘው፣ ጋሼም ሳይከላከሉ።

በማግስቱ ጠዋት ነፋሱ ለስልሶ ነበር። ፀሐይ ከፍ እስክትልና ውሃው ቀለሙን እስኪለይ ጠበቅን። መልሕቁን አነሳን። እኔ አፍንጫው ላይ ቆምኩ፣ ጋሼ መሪውን ያዙ፣ እትዬ ሳይጠየቁ ከተለመደው ቦታቸው ተነስተው በጋሼ ግራ ተቀመጡ። ወደ ቀኝ ስዘረጋ ጋሼ ራሳቸው ያያሉ። ወደ ግራ ስዘረጋ እትዬ የባላቸውን ትከሻ ይነካሉ። ዞር ብዬ አየኋቸው፤ አንድ ጊዜ ነው የሚነኩት፣ በጣታቸው ጫፍ። ጀልባዋም ትታጠፋለች።

ቡናማው በቀኝ አለፈ። ቡናማው በግራ አለፈ። በበሩ ላይ ውሃው ጎረበጠን፤ አፍንጫዋ ተነስታ ወረደች፣ እግሬ ረጠበ። ከዚያ ከሥሬ ያለው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ፤ ሌላ ቀለም የለውም።

"ወጣን?" አሉ ጋሼ።

"ወጥተናል" አልኩ።

መሪውን ወዲያው አልለቀቁም። ጥቂት ሄዱ፤ ሸራው ሞላ፣ ድምፁ ተስተካከለ። "ባሕርን የለመደ" ያሉትን ስንኝ ይጨርሱታል ብዬ ጠበቅሁ፤ በኋላ ለንደን ውስጥም ጠይቄያቸው "ገጣሚዋ አንቺ አይደለሽ?" ነው ያሉኝ፤ እስካሁን አልሞላሁትም። ያን ጠዋት ያሉት ሌላ ነው። ከመቀመጫቸው ትንሽ ፈቀቅ አሉና መሪውን ወደ ሚስታቸው ገፋ አደረጉት።

"እስከ ወደብ ድረስ ጣውንትሽን አንቺ ያዣት።"

"እኔ? ትገለብጠናለች!"

"ያዣት።"

እትዬ በሁለት እጃቸው ያዟት፤ በገበያ ቀን የሰቨን ሲስተርስን ጋሪ እንደሚይዙት አጥብቀው። ጀልባዋ ትንሽ ተወላገደች። ከዚያ ቀና አለች።

"አቤት" አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ከፊት ሳያነሱ። "ለካ እንዲህ ናት።"